ስምንት ወር ከቲአርኤክስ-4 ጋር፦ ከፍታውን ስቀንስለት መውጣት ቻለ

ትራክሳስ ቲአርኤክስ-4ን ከገዛሁ ስምንት ወር ሞላኝ። መጠኑ የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ የሆነ፣ በሪሞት የሚነዳ፣ ድንጋይ ለመውጣት የተሠራ መኪና ነው። የፊትና የኋላ ዲፈረንሻሉን (ግራና ቀኝ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገውን ክፍል) ከሪሞቱ መቆለፍ ይቻላል፤ ከባድና ቀላል ማርሽም አለው። ሁለቱም እስካሁን አላሳፈሩኝም። በሰፊው ልጽፍበት የምፈልገው ግን ከመሬት ስላለው ከፍታ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ያባከንኩት በዚህ ነውና።

ከፍ ያለ መኪና ሆዱ ድንጋይ አይነካም ብዬ አምን ነበር። ስለዚህ ነባሮቹን ሾክ አብዞርበሮች አውጥቼ፣ ገላቸው የብሎን ጥርስ ያለው ባለ 90 ሚሊ ሜትር ገጠምኩ፤ ሞላውን የሚጫነውንም ቀለበት እስከ መጨረሻው አጠበቅኩት። በማስመሪያ ስለካው ከወለሉ እስከ ሆዱ 86 ሚሊ ሜትር ሆነ። ደስ አለኝ። እሑድ ዕለት ከዴንቨር በስተምዕራብ ካሉት ተራሮች ግርጌ ይዤው ወጣሁ። ከጉልበቴ ከፍ የማይል፣ ወደ ጎን ያጋደለ ቀይ ድንጋይ ነበር። የፊት ቀኝ ጎማው ወደ ስንጥቁ ሲደርስ የኋላ ግራው ከድንጋዩ ለቀቀ፤ መኪናው ለአፍታ እንደተንጠለጠለ ቆየና በጎኑ ወደቀ። አምስት ጊዜ ሞከርኩ፤ አምስቱንም ጊዜ ያው ነው።

ቀለበቱን ማጥበቅ ሞላውን አያጠነክረውም፤ የሚያደርገው መኪናውን ወደ ላይ መግፋት ብቻ ነው። ሾክ አብዞርበሩ ቀድሞውኑ ተዘርግቶ ስለሚያልቅ፣ ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ አይቀረውም። ክብደቱም ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ አንዴ ማጋደል ከጀመረ የሚመልሰው የለም። ከሁሉም በላይ ያስቆጨኝ ደግሞ ይህ ነው፦ ሞላው የሚያነሳው ሻንሲውን (የመኪናውን ዋና አካል የሚሸከመውን ፍሬም) እንጂ አክስሉን (ግራና ቀኝ ጎማዎችን የሚያገናኘውን ዘንግ) አይደለም። አክስሉ ከመሬት ያለውን ርቀት የሚወስነው የጎማው ትልቅነትና በየጎማው ውስጥ ያለው፣ አክስሉን ከጎማው መሃል ከፍ የሚያደርገው የፖርታል ማርሽ ነው፤ ይህ መኪና ደግሞ ፖርታሉን ይዞት ነው የተሠራው። የሌለኝን ችግር ስፈታ ነበር ማለት ነው።

አሁን የምለካው እንዲህ ነው። ባትሪውንና የላይኛውን አካል እገጥምና ለጥ ባለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሁለት ጊዜ ወደ ታች ተጭኜ እለቀዋለሁ፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትንሽ አንከባልለዋለሁ። ይህን ሳያደርጉ አይለኩ፤ ጎማዎቹ ተጨናንቀው ስለሚቆዩ ቁጥሩ ያሳስታል። ከዚያ አራቱንም ማዕዘን እለካለሁ። ሞላዎቹን በለስላሳ ቀይሬ ቀለበቶቹን እያላላሁ ወደ 74 ሚሊ ሜትር አወረድኩት። ባትሪው ያለበት ጎን ዝቅ ስለሚል የዚያን ወገን ቀለበት ብቻ ጥቂት አጠበቅኩ። ዋናው ምልክት ግን ሌላ ነው፦ መኪናውን በእጅ ቀስ ብለው ሲያነሱት፣ ጎማዎቹ ጠረጴዛውን ከመልቀቃቸው በፊት ሻንሲው ምን ያህል ከፍ ይላል? የእኔ በፊት 3 ሚሊ ሜትር ነበር፤ አሁን 13 ነው። ከሾክ አብዞርበሩ ጉዞ ግማሽ ያህሉ ማለት ነው።

ወደዚያው ድንጋይ ተመለስኩ። የፊት ቀኝ ጎማው ወደ ስንጥቁ ወረደ፣ የኋላ ግራው ድንጋዩን እንደነከሰ ቆየ፣ መኪናውም ሳይቸኩል ወጣ። ብቻዬን ሆኜ ጮህኩ።

ያጣሁት ነገር የለም አልልም። ሆዱ ድንጋይ ላይ ይፈጫል፤ የታችኛው ፕላስቲክ በጭረት ተሞልቷል። ቢሆንም ለስላሳ ስለሆነ ያንሸራትተዋል እንጂ አያስቀረውም።

ቅሬታዬ በኋላ በገዛኋቸው ሾክ አብዞርበሮች ላይ ነው። አንዱ በአራተኛው ወር ዘይት ማፍሰስ ጀመረና ጎሚኒውን ቀየርኩለት። ቀለበቶቹም በንዝረት ይላላሉ፤ ባለፈው ወር ከአንድ ቀን ጉዞ በኋላ የኋላ ግራው 4 ሚሊ ሜትር ወርዶ አገኘሁት። ስለዚህ በየጥርሱ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጌያለሁ፤ ማስመሪያውም ከባትሪዎቹ ጋር በአንድ ቦርሳ ይሄዳል።