ዘጠኝ ወር ከእርሳስ ማቅለጫዬ ጋር፦ ለጣና የሚሆን የመንጠቆ እርሳስ በእጅ መሥራት

የጣና ዳር ድንጋይ መንጠቆ የሚያሰምጠውን እርሳስ ይበላል። በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል፣ በደብረ ማርያም አቅራቢያ መንጠቆ የጣለ ሰው የምለው ይገባዋል። ሥሩ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ሐይቁ ራሱ የተፈጠረው የቀለጠ ድንጋይ ፈስሶ የወንዙን መውጫ ስለዘጋው ነው። እርሳሱ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ትስባለህ፣ ታላላለህ፣ እንደገና ትስባለህ፣ ክሩ ጧ ብሎ ይበጠሳል። አንድ ቅዳሜ ሰባት እርሳስ አስበልቼ ቤት ገባሁ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳና ማዕበሉ ሲመጣ ደግሞ ቀላል እርሳስ አይሠራም። 60 እና 90 ግራም ያስፈልጋል። ያንን በየሳምንቱ እየገዙ መጣል ከበደኝ።

ማቅለጫው የመጣልኝ ባለፈው ጥር ነው። የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ይኖራል፤ ለጥምቀት ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። እሱ እዚያ አጋዘን ያድናል፣ ጥይቱንም ቤቱ ይሞላል። እዚያ ብዙ ሰው በትርፍ ጊዜው የሚሠራው ነገር ነው። የተተኮሰውን ቀለህ ሰብስቦ ያጸዳል። በእጅ በሚጫን መሣሪያ ወደ ልኩ ይመልሰዋል። አዲስ መቀጣጠያ ይገጥምለታል፣ ባሩዱን ይመዝናል፣ አረሩን ከላይ ይተክላል። አንዳንዶቹ አረሩንም ራሳቸው አቅልጠው ያወጣሉ። እሱ ትልቅ ማቅለጫ ሲገዛ ትንሹ ተረፈው። እኛ አገር ጥይት ያለ ፈቃድ ማምረት ወንጀል ነው፤ እኔም ፍላጎቱ የለኝም። ማቅለጫው ግን ለመንጠቆ እርሳስም በትክክል ያገለግላል።

ዕቃው ይሄ ነው። አራት ኪሎ ተኩል ገደማ እርሳስ የሚይዝ የኤሌክትሪክ ድስት። ከሥሩ ቀዳዳ አለው፣ እጀታውን ከፍ ስታደርገው ቫልቩ ይከፈትና እርሳሱ ይወርዳል። በጎኑ ከ1 እስከ 10 ቁጥር ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ አለ። ከሱ ጋር አንድ የአሉሚኒየም ቅርጽ ማውጫ አመጣልኝ። እንደ መጽሐፍ ይከፈታል፣ ባለ 15፣ ባለ 30፣ ባለ 60 እና ባለ 90 ግራም ጉድጓድ አለው።

መጀመሪያ የገጠመኝ ችግር የመብራት ነው። አሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ እኛ 220። ያንን ድስት በቀጥታ ሶኬት ላይ ብትሰካው የሚስበው ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል፣ ይቃጠላል። ስለዚህ ትራንስፎርመር ግድ ነው። ድስቱ 500 ዋት ስለሚል 500 ዋት ትራንስፎርመር ገዛሁ። ስህተት ነበር። በሩብ ሰዓት ውስጥ እጅ አላስነካ አለ፣ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሸተተኝ። ባለ 1000 ዋት ለወጥኩ፣ እስካሁን ይሠራል። እቃው በነጻ ነው የመጣልኝ፣ የትራንስፎርመሩ ወጪ ግን ከባድ ነበር። ከውጭ የሚያስመጣ ሰው ካለ፣ ከመጀመሪያው 220 ቮልት የሆነውን ይምረጥ። ይሄን ብቻ ብትሰሙኝ ይበቃኛል።

እርሳሱን የማገኘው ከጎሚስታ ነው። ጎማ ባላንስ ሲያደርጉ የሚያወጡትን አሮጌ እርሳስ በጣሳ ያጠራቅሙልኛል። ግን ሁሉም እርሳስ አይደለም። አንዳንዱ ብረት ነው፣ አንዳንዱ ዚንክ። በፒንሳ ቆንጠጥ ሳደርገው እርሳስ ይበሳል፣ ዚንክ ግን ዝም ይላል። ያመለጠኝን ደግሞ ሙቀቱ ይነግረኛል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፣ ዚንክ በ419 ገደማ። ድስቱን ከ400 በታች ከያዝኩት ዚንኩ ሳይቀልጥ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፣ በጭልፋ አወጣዋለሁ። ዚንክ አንዴ ከቀለጠና ከተቀላቀለ እርሳሱ እንደ ገንፎ ይጓጉላል፣ ቅርጹንም አይሞላም። በመጋቢት አንድ ሙሉ ድስት እንዲህ ተበላሽቶብኛል። ከዚያ በኋላ ነው ቴርሞሜትር የገዛሁት። በጎኑ ያለው ቁጥር ዲግሪ አይደለም። 6 ላይ አድርጌው አንድ ቀን 360 ያሳያል፣ ሌላ ቀን 430። የሰፈሩ ቮልት ከፍ ዝቅ ሲል ድስቱም አብሮ ይዋዥቃል። ያለ ቴርሞሜትር ይሄን ሥራ አትጀምሩ።

የመኪና ባትሪ የሚሰብሩም አሉ። እኔ አልነካውም። አሲዱ አለ፣ ውስጡ ያለው እርሳስ ከሌላ መርዘኛ ነገር ጋር የተቀላቀለ ነው። እርሳስ ርካሽ ነው፣ ለሱ ብሎ ሳንባን መስጠት አይገባም።

አሁን ስለ አሠራሩ ልንገራችሁ፣ እኔ የምወደው ይሄን ክፍል ነው። እርሳሱ ሲቀልጥ ላዩ ግራጫ ይሆናል፣ ቆሻሻው ይሰበሰባል። ያኔ የአተር ፍሬ የምታክል የንብ ሰም እጥልበታለሁ። ከቤተ ክርስቲያን በር ከምንገዛው ጧፍ ቆርሼ ነው የምወስደው። ሰሙ ይጨሳል፣ አንዳንዴም ይነዳል። በጭልፋ ሳማስለው ቆሻሻው ወደ ዳር ይሸሻል፣ መሐሉ እንደ መስታወት ያበራል። ቅርጽ ማውጫውንም የማጥነው በዚያው ጧፍ ነው። ጉድጓዱን ከነበልባሉ በላይ ይዤ ስስ ጥቀርሻ አስይዘዋለሁ፣ እርሳሱ ሳይጣበቅ ብድግ ይልልኛል። ከዚያ የሽቦ ቀለበቱን አስቀምጬ እዘጋለሁ፣ ቫልቩን ከፍ አደርጋለሁ። እርሳሱ እንደ ቀጭን የብር ክር ይወርዳል። አሥር ያህል ቆጥሬ ስከፍተው ክብደቱ ሞቅ እንዳለ ጨርቅ ላይ ይወድቃል።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ሁልጊዜ የተጨማደዱ ናቸው። ቅርጽ ማውጫው ስላልሞቀ ነው። በስተኋላ ድስቱ ጠርዝ ላይ እያስደገፍኩ ማሞቅ ጀመርኩ፣ አሁን የማበላሸው ሁለት ብቻ ነው። የተበላሸውም ተመልሶ ድስት ይገባል።

ስለ ሚዛን። የአክስቴ ልጅ አጥብቆ የመከረኝ ጥሩ ሚዛን እንድገዛ ነበር። ከእሱ ሥራ አንጻር ልክ ነው። እነሱ ባሩድ የሚመዝኑት ግሬን በሚባል መለኪያ ነው። አንድ ግሬን 0.065 ግራም ገደማ ናት፣ እነሱ ደግሞ የግሬኗን አሥረኛ ይቆጥራሉ። እዚያ ላይ መሳሳት ጠመንጃ እጅ ላይ ያፈነዳል። ለመንጠቆ ግን ያ ሁሉ አያስፈልግም። ባለ 60 ግራሙ ጉድጓዴ ከ57 እስከ 61 ግራም ያወጣል፣ ቆሮሶውም አምባዛውም ልዩነቱን አያውቀውም። ተራ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ከሱ የሚተርፈውን ገንዘብ ለቴርሞሜትር፣ ለወፍራም የቆዳ ጓንትና ዓይንን ሙሉ ለሚሸፍን መነጽር አውሉት።

መነጽሩን የምለው በምክንያት ነው። ነሐሴ ላይ ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። የጎሚስታውን ጣሳ ደረቅ ነው ብዬ ነበር የተቀበልኩት። አንዱን እርሳስ ድስቱ ውስጥ ጣል ሳደርገው ጧ አለ። የቀለጠው እርሳስ ወደ ላይ ተረጨ። ጃኬቴ እጅጌ ላይ፣ ሽርጤ ላይ፣ አንዷም መነጽሬ ላይ። አሁንም መስታወቱ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል ነጥብ አለች። ከእርሳሱና ከብረት ማቀፊያው መሐል አንዲት ጠብታ ውኃ ተደብቃ ኖሯል። ውኃ እንፋሎት ሲሆን ከሺህ ጊዜ በላይ ይሰፋል፣ ከቀለጠ እርሳስ ሥር ሲሆን መውጫ የለውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚቀልጠውን ሁሉ ቀዝቃዛው ድስት ውስጥ ነው የምሞላው። አብሮ ይሞቃል፣ እርጥበቱ ቀስ ብሎ ይወጣል። ከቀለጠ በኋላ ከጣሳው ምንም አልጨምርም። በክረምት ደግሞ ጨርሶ ብተወው ይሻላል ብዬ ወስኛለሁ። ክረምት ላይ ነጭ አሳውም እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ወንዞች ስለሚወጣ፣ መንጠቆዬንም ማሳረፍ ደስ ይለኛል።

የምሠራበት ቦታ ላይ ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረናል። የመጀመሪያ ቀን ጓሮ ላይ ስዘረጋው ወጥታ አየችኝ።

«ልጆቹ የሚጫወቱበት ላይ?» አለች።

መልስ አልነበረኝም። እሷ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው፣ ከኔ የበለጠ ታውቃለች። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። የልጆችን አእምሮ ነው የሚጎዳው። ጭሱ ብቻ አይደለም፤ ከላዩ የሚገፈፈው ግራጫ ዱቄት ልብስ ላይ፣ ጫማ ላይ ይቀመጣል። እኛ ደግሞ በእጃችን ነው የምንበላው። በሹካ ከሚበላ ሰው የበለጠ መጠንቀቅ ያለብን እኛ ነን። በሚቀጥለው ሳምንት ዕቃውን ሁሉ ወደ ጓደኛዬ ጋራዥ አዛወርኩት። ጣሪያ ያለው፣ ዙሪያው ክፍት የሆነ ቦታ አለው። የሥራ ልብሴና ጫማዬ እዚያው ይቀራሉ። ስሠራ ቡና አልጠጣም፣ ቆሎ አልቆረጥምም። ስጨርስ እስከ ክርኔ በሳሙና እታጠባለሁ። ጭልፋውም ድስቱም ወጥ ቤት ደጃፍ አይደርሱም። የሚገፈፈውን ዱቄት ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቅማለሁ፣ ሜዳ ላይ አልደፋውም።

መብራት መጥፋቱን ለምደነዋል፣ ግን እዚህ ላይ ልዩ ጣጣ አለው። መሐል ላይ ሲጠፋ እርሳሱ ድስቱ ውስጥ ይረጋል። ያ ችግር የለውም፣ ተመልሶ ይቀልጣል። ችግሩ ሰው ሶኬቱን ረስቶ ሲሄድና መብራቱ ሌሊት ሲመጣ ነው። እኔ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የማደርገው ሶኬት መንቀል ነው። ቆጣሪውንም አላምንም።

ስለ ጥንካሬው ደግሞ፦ ድስቱ ራሱ እንደ አዲስ ነው። ቅርጽ ማውጫው በአምስተኛው ወር ማጠፊያው ላላ፣ ሁለቱ ፊቶች በፀጉር ያህል ተፈናቀሉ። በእርሳሶቹ ዙሪያ ስስ ክንፍ ያወጣ ጀመር። የሰፈር በያጅ ፒኑን በወፍራም ቀየረልኝ፣ ተስተካከለ። የእንጨት እጀታውን ሙቀቱ እያጠቆረው ነው። ዋናው ድክመት ግን ቫልቩ ነው። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ይንጠባጠባል። ዘንጉን አውጥቼ ጫፉን በስስ ሸራ ወረቀት ብፈትገው ለአንድ ሁለት ጊዜ ይሻለዋል፣ ከዚያ ቆሻሻ ይገባበትና ያው ነው። ከሥሩ ባዶ የብረት ጣሳ ሳላስቀምጥ አልሠራም። ንጹሕ እርሳስ ለሚገዛ ሰው ይሄ ላይገጥመው ይችላል፣ የኔ ግን የጎማ ነው፣ አፈር አያጣውም።

እስካሁን ደብተሬ ላይ 640 እርሳስ መዝግቤአለሁ። አብዛኛውን ለጓደኞቼ ሰጥቻለሁ። ባለ 15 ግራሙን ጉድጓድ ግን ከሰኔ ወዲህ አልሞላሁትም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ሐይቁ በጣም ሸሽቶ ነበር። ሁልጊዜ በምቆምበት ዳርቻ ውኃው የለቀቀውን ድንጋይ እየረገጥኩ ስሄድ እርሳስ አየሁ። ጎንበስ ብዬ መልቀም ጀመርኩ። አሥራ አንድ ሆነ። ሁለቱ የኔ ነበሩ፤ በጎናቸው ባለው የቅርጽ ማውጫዬ ስፌት ለየኋቸው። ከኔ ሃያ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ዳክዬዎች ጭቃውን በምንቃራቸው ይፈትሹ ነበር። እነዚህ ወፎች ምግብ ለመፍጨት ጠጠር ይውጣሉ፣ ትንሽ እርሳስንም እንደ ጠጠር ይውጣሉ። ሆዳቸው ውስጥ ይፈጫል፣ ደማቸው ውስጥ ይገባል፣ ይሞታሉ። እንግሊዞች በ1987 እ.ኤ.አ. ከ0.06 እስከ 28.35 ግራም ያለውን የመንጠቆ እርሳስ የከለከሉት ዝይ መሳይ ትልልቅ ወፎቻቸው በዚህ እየሞቱባቸው ስለነበር ነው። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። እምቦጩ ያስጨነቀው ሐይቅ ላይ እኔ ደግሞ እርሳስ ልጨምርበት አልፈልግም።

ለቀላሉ ዳዶ ነው የምጠቀመው። አሮጌ ዳዶ ጋራዥ ሞልቷል፣ ክር ለማሰርም ቀዳዳው አለለት። ብረት ከእርሳስ ቀለል ስለሚል በዚያው ክብደት ተለቅ ይላል፣ ነፋስ ላይ ትንሽ ይቀራል። በጸጥታ ጠዋት ለቆሮሶ ግን ምንም አይጎድለውም። ለባለ 60 እና ለባለ 90 ደግሞ ዋናውን ክር ሳይሆን እርሳሱ የሚታሰርበትን ቀጭን አደርገዋለሁ። ሲያዝ እሱ ብቻ ይበጠሳል፣ ክሩና መንጠቆው ይመለሱልኛል። እርሳሱ ግን አሁንም ሥሩ ይቀራል። ለእሱም በሲሚንቶና በጠጠር ባለ 90 ለመሥራት እየሞከርኩ ነው፤ ሁለቱ ተሰንጥቀዋል፣ ሦስተኛው እስካሁን ይዟል።

ማቅለጫውን ለሚጠይቀኝ፦ አየር የሚገባበት ከልጆች የራቀ ቦታ ካለህ፣ ቴርሞሜትር ከገዛህና ደረቅ እርሳስ ካገኘህ፣ ያዘው። ቦታው ከሌለህ ተወው፣ ከሱቅ ግዛ። ባለ ቫልቩን ወይስ ክፍቱን ድስት ለሚለኝ፣ አሁን ብገዛ ክፍቱን ነው የምመርጠው። በጭልፋ መቅዳት ዘገም ይላል፣ ግን የሚንጠባጠብ ነገር የለውም፣ ለማጽዳትም ቀላል ነው። የአክስቴ ልጅ ለሚመጣው ጥምቀት አዲስ የቫልቭ ዘንግ አመጣልሃለሁ ብሏል። እስከዚያ ድረስ ቀዳዳውን በብሎን ደፍኜው በጭልፋ እየቀዳሁ ነው።