«ሞተሩ ይውረድ» ሲሏችሁ ቶሎ አትስማሙ

አሮጌ መኪና ለምትነዱና ብርድ ሲገባ ሞተራችሁ ጠዋት ጠዋት አልነሳ እያለ ለሚያስቸግራችሁ ሁሉ፣ እኔ የደረሰብኝ ኪሳራ እንዳይደርስባችሁ ይህን ጽፌያለሁ።

ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለችው መኪናዬ ውርጭ ባደረ ቁጥር ከብዙ ሙከራ በኋላ ትነሳና እየተንቀጠቀጠች ነጭ ጭስ ታወጣ ነበር። የወሰድኩባት ጋራዥ መካኒክ አንድም መለኪያ ሳይገጥም፣ ጭሱን ብቻ አይቶ የቴስታታው (የሞተሩ ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ክዳኑን ከሞተሩ አካል ጋር የሚያሽገው ስስ ማሸጊያ፣ ስለተቃጠለ ሞተሩ መውረድ አለበት አለኝ፤ በበረዶ መንገድ ላይ ሞተር የጠፋበት ሰው ማሞቂያውም አብሮ እንደሚጠፋበት ስለማውቅ ፈርቼ ተስማማሁ። በብርድ ጠዋት የሚታይ ነጭ እንፋሎት ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ አብዛኛውን ጊዜ የጤና መሆኑን፣ የሚያሰጋው ከሞቀ በኋላም ሲቀጥልና የራዲያተሩ ፈሳሽ ሲጎድል መሆኑን የተረዳሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው። የወጣውን ጓርኒሲዮን አሳዩኝ ብል ተጥሏል አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ችግሩ እንደነበረ ተመለሰ። ሌላ መካኒክ ባትሪውን ሲለካ፣ በደንብ የተሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ማሳየት ሲገባው የእኔ 12.1 ነበር፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሲዞር ደግሞ ከ9 በታች ወረደ። ሲመሽ ኮፈኑን ከፍቶ የካንዴላ ገመዶቹ (ነዳጁን ለሚያቀጣጥለው ብልጭታ ኤሌክትሪክ የሚያደርሱት) ላይ ጥቂት ውሃ ሲረጭ፣ ከተሰነጠቀው ሽፋን ሰማያዊ ብልጭታ ወደ ሞተሩ ብረት ሲዘል በዓይኔ አየሁ። ባትሪውና ገመዶቹ ተቀየሩ፤ መኪናዋም ዳነች።

ይበልጥ ያስቆጣኝ ግን የፊተኞቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ ራዲያተሩን በውሃ ብቻ ሞልተው መላካቸው ነው። ውሃ ከ0 ዲግሪ በታች ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር የሞተሩን ብሎክ (ዋና አካል) ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ኩላንት (ራዲያተር ውስጥ የሚጨመር ብርድ መከላከያ ፈሳሽ) እና ውሃ እኩል ሲደባለቁ ግን ከዜሮ በታች እስከ 35 ዲግሪ ገደማ ይቋቋማል። ሁለተኛው መካኒክ ባያስተውለው ኖሮ፣ ያልነበረውን ብልሽት ራሳቸው ሊፈጥሩት ነበር።

ስለዚህ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል ከተባላችሁ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (በውስጡ የሚፈጠረው ግፊት) ተለክቶ ቁጥሩ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ፣ በራዲያተሩ ፈሳሽ ውስጥም የተቃጠለ ጋዝ መኖሩ እንዲመረመር ጠይቁ፤ እምቢ ካሉ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። የሚወጣው ዕቃ እንዲመለስላችሁ ሥራው ሳይጀመር አስፈርሙ፤ ስትረከቡም የራዲያተሩ ፈሳሽ እስከ ስንት ዲግሪ ብርድ እንደሚችል ፊታችሁ አስለኩ።