የዊንተር ጃኬት፦ ከመርካቶ ይዞ መምጣት ወይስ ስቶክሆልም ደርሶ መግዛት?

ጥቅምት ሲገባ ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ይሆናል። "ቪዛዬ ወጥቷል። ጃኬቱን ከዚሁ ልግዛ ወይስ እዚያ ደርሼ?" ዘመድ ይጠይቃል፤ የዘመድ ጓደኛ ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ በድምፅ መልእክት ከምደጋግመው አንዴ ልጻፈው።

መልሴን ከፊት ላስቀምጥ። ጃኬቱን እዚህ ስቶክሆልም ከሰልባጅ ሱቅ ግዙ። ጫማውን እዚህ አዲስ ግዙ። ገላ ላይ በሚያርፈው የሱፍ ልብስ አትቆጥቡ። አዲስ አበባ ላይ ለጃኬት ብዙ ብር አታውጡ። ይህን የምለው ስቶክሆልምን እያሰብኩ ነው፤ ኦስሎና ኮፐንሃገን የሚለዩበትን ወደ ታች እነግራችኋለሁ። የብሩ ምንዛሪ አንድ ቦታ ስለማይቆም ሒሳቡን በስዊድን ክሮና ነው የምሠራው።

ከመርካቶ እንጀምር። ስሙ የገነነ የተራራ ጃኬት ተሰቅሎ ታያላችሁ። ሻጩ "ኦርጅናል ነው፣ የቱርክ ነው" ይላችኋል። ዋጋው ወደ ክሮና ሲመታ ከ400 እስከ 700 ይደርሳል። ትክክለኛው እዚህ አዲሱ ብዙ ሺህ ክሮና ስለሚሸጥ፣ የመርካቶው ርካሽ ይመስላል።

የአክስቴ ልጅ ጥር ላይ እንዲህ ያለውን ለብሶ መጣ። ሲያዩት ያምራል፤ ደረቱ ላይ ጽሑፉ በጥልፍ ተሠርቷል። ሳምንት ሳይሞላው ዚፑ መሃል ላይ ተከፈተ። መንሸራተቻው ወደ ላይ ይወጣል፣ ጥርሶቹ ግን ከኋላው እየተላቀቁ ይቀራሉ። ሰፈሬ ያለ ልብስ ሰፊ ጋ ወሰድነው። ዚፕ ለመቀየር 500 ክሮና ጠየቀን። በዚህ አገር የእጅ ሥራ ውድ ነው፤ ሰውዬው አልበዘበዘንም። ገበሩን ፈታ አድርጎ ውስጡን ሲያሳየን ግን ነገሩ አበቃ። ጥጥ የሚመስለው ፖሊስተር ተጨማዶ ታች ወገቡ ላይ ተከማችቷል። ትከሻው ላይ የቀረው ሁለት ስስ ጨርቅ ብቻ ነው። ልብስ ሰፊው ራሱ "በዚህ ላይ 500 ክሮና አታውጡ" አለን። በማግስቱ ከሰልባጅ ሱቅ እውነተኛ የዝይ ላባ ያለበት ጃኬት በ350 ክሮና ገዛንለት። ሁለቱን ዋጋ ደምሩት።

እዚያው ለመግዛት የግድ ከሆነባችሁ፣ ከአዲሱ ኮፒ ይልቅ የቦንዳ ሰልባጁን ፈልጉ። ቢያንስ ቦንዳ ውስጥ አውሮፓ ብርድ ላይ ተለብሶ የተፈተነ ጃኬት ሊገኝ ይችላል። ዚፑ ከላላ እዚያው አስቀይሩት፤ የአዲስ አበባ ልብስ ሰፊ የሚጠይቀው እዚህ ከሚከፈለው ጋር አይወዳደርም። ይሄ ከአዲስ አበባ የሚመከር ብቸኛው ግዢ ነው ብል አላጋነንኩም።

እዚህ አዲስ መግዛትስ? ለስቶክሆልም የሚሆን ደህና የዊንተር ጃኬት ከ1500 እስከ 4000 ክሮና ነው። ስም ያለው ከዚያም ያልፋል። የተለጠፈው ዋጋ 25 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምራል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የምትኖሩና ለጉብኝት የመጣችሁ ከሆነ፣ ፎርም አስሞልታችሁ ስትወጡ ከታክሱ የተወሰነውን ማስመለስ ትችላላችሁ። ፓስፖርት ስትገዙም ስትወጡም ያስፈልጋል፣ ዕቃውም ያልተለበሰ መሆን አለበት። እንግዲህ ብርድ ላይ ሊለበስ የተገዛ ጃኬት ሳይለበስ አይወጣም። ስለዚህ ይሄ ቅናሽ ለስጦታ ዕቃ እንጂ ለራሳችሁ ጃኬት አይጠቅማችሁም።

አዲስ የሚያዋጣው ለሚቀመጥ ሰው ነው። ለትምህርት ወይም ለሥራ ለዓመታት የምትመጡ ከሆነ፣ የገና ማግስት የሚጀምረውን ቅናሽ ጠብቁ። ደረሰኙን አትጣሉ። በስዊድን ሕግ የፋብሪካ ጉድለት ካለበት እስከ 3 ዓመት ድረስ ለሻጩ አቤት ማለት ይቻላል። የተበላሸ ዚፕ ይዞ ሄዶ ተስተካክሎ የተመለሰለት ሰው አውቃለሁ፤ አንድ ክሮናም አልከፈለም። ለሁለት ወር ለመጣ እንግዳ ግን ይሄ መብት ብዙም አይሠራም።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ስቶክሆልም ውስጥ ሚሮርና፣ ስታድስሚሾነን እና ቀይ መስቀል የሚያስተዳድሯቸው የሰልባጅ ሱቆች አሉ። ሰው በነፃ ይሰጣል፣ እነሱ ለይተው ይሸጣሉ፣ ገቢው ለእርዳታ ሥራ ይውላል። ንጹሕ ናቸው፤ ልብሱ በቁጥር ተለይቶ ተሰቅሏል፤ መለኪያ ክፍል አለ። ደህና የዊንተር ጃኬት ከ200 እስከ 500 ክሮና ታገኛላችሁ። የሱፍ ሹራብ ከ80 እስከ 150። ሻርፕና ኮፍያ በጥቂት አሥር ክሮናዎች። አንዳንድ ሰው "ሰልባጅ ልለብስ ነው እንዴ ስዊድን የመጣሁት?" ይላል። እዚህ ሰልባጅ መግዛት የድህነት ምልክት አይደለም። ተማሪውም፣ ሐኪሙም፣ ጡረተኛዋም እዚያው ነው የምታገኟቸው።

ወቅቱን እወቁ። መስከረምና ጥቅምት ላይ መደርደሪያው ይሞላል። ጥር ላይ ጥሩው አልቆ ትልልቅና ትንንሽ ቁጥር ብቻ ይቀራል። ደህና ኑሮ ያላቸው ሰዎች የሚኖሩበት ሰፈር ያለ ቅርንጫፍ ሂዱ፤ የሚሰጠው ዕቃ የዚያው ሰፈር ስለሆነ ጥራቱ ይለያል።

ስትገዙ ፈትሹ። ዚፑን ደጋግማችሁ ክፈቱ፣ ዝጉ፤ አንዴም ከተንገታገተ መልሳችሁ ስቀሉት፤ የዚፕ ዋጋ የጃኬቱን ዋጋ ይበልጣልና። ትከሻውን በሁለት ጣት ጨምቁ። ላባ ከሆነ ስትለቁት ቀስ ብሎ ይነፋል፣ ጣታችሁም ሥር ትንንሽ የላባ እንጨት ይሰማችኋል። እብጠቱ በየቦታው ተጓጉሎ ባዶ ቦታ ካለ ተዉት። ውስጡ ያለውን ምልክት አንብቡ፤ ስንት በመቶ ላባ እንደሆነ ይጽፋል። ብብቱን አሽቱ። ክንዱ ጫፍ ላይ ያለው ላስቲክ ከላላ ነፋስ ያስገባል። የኮፍያው ፀጉር ቢጎድል ግን ምንም አይደለም፣ እንዲያውም ዋጋ ያወርዳል።

ለልጆች ከሆነ አዲስ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። እዚህ ልጆች ከእግር እስከ አንገት አንድ ወጥ የሆነ የበረዶ ልብስ ይለብሳሉ። በአንድ ዓመት ያጥራቸዋል፤ ስለዚህ ሰልባጅ ሱቅ ያለው ብዙውን ጊዜ እንደ አዲስ ነው። ከ100 እስከ 250 ክሮና። ጉልበቱንና መቀመጫውን ብቻ እዩ፤ የሚያልቀው እዚያ ነው። የበረዶ መንሸራተቻና ጫማው አይገዛም። ፍሪቲድስባንከን የሚባል ተቋም አለ፤ የስፖርት ዕቃ እንደ ቤተ መጻሕፍት ለ14 ቀን በነፃ ያውሳል።

ስልክ ላይ ከግለሰብ መግዛትም አለ፤ ብሎኬት (Blocket) የሚባለው የመሸጫ ድረ ገጽ ላይ ለምሳሌ። ዋጋው ከሰልባጅ ሱቅም ይወርዳል። ችግሩ ክፍያው ነው። ሻጩ የሚፈልገው ስዊሽ የሚባለውን በስልክ ገንዘብ መላኪያ ነው፤ ስዊሽ ደግሞ የስዊድን የባንክ ሒሳብ ይጠይቃል። እንግዳ ሰው የለውም። ዘመድ ካላችሁ በእሱ አስከፍሉ። ጥሬ ገንዘብም ብዙ ሱቅ አይቀበልም፣ የከተማ አውቶቡስም አይቀበልም። ዶላር ሸክፎ ከመምጣት ይልቅ፣ ውጭ አገር የሚሠራ ቪዛ ወይም ማስተር ካርድ ይዞ መምጣት ይሻላል። ከመነሣታችሁ በፊት ባንካችሁ ጋ ሄዳችሁ መከፈቱን አረጋግጡ።

ጫማ ላይ ሐሳቤ ይገለበጣል። ሰልባጅ ጫማ አትግዙ። ብዙ የተራራና የዊንተር ጫማ ሶሉ ፖሊዩረቴን ከሚባል አረፋ መሰል ነገር ይሠራል። ይሄ ነገር ቁም ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥም እርጥበት ቀስ በቀስ ይበላዋል። ከላይ ቆዳው አዲስ ይመስላል፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ሶሉ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። በዓይን አይታወቅም። ሶል ማስለጠፍ እዚህ የአዲስ ጫማ ግማሽ ዋጋ ይወስዳል።

ከአዲስ አበባ የሚመጣው የቆዳ ጫማስ? ቆዳችን ጥሩ ነው። ጉዳዩ ሶሉ ነው፤ ጠንካራና ልሙጥ ስለሆነ በረዶ ላይ አይጨብጥም። መንገድ ላይ የሚነሰነሰው ጨውም ቆዳውን ነጭ አድርጎ ያደርቀዋል። ስለዚህ ከ800 እስከ 1500 ክሮና ቆርጣችሁ ሶሉ ለስለስ ያለ ጎማ የሆነ፣ ውኃ የማያስገባ አዲስ ጫማ ግዙ። ቅናሽ ላይ በ600ም ይገኛል። በወፍራም ካልሲ ለኩት፤ ጣት ካልተንቀሳቀሰ ይበርዳል። ሰው ቤት ስትገቡ ጫማ ይወልቃልና ማሰሪያው ቶሎ የሚፈታ ይሁን።

ከጫማ ሥር የሚታሰር ጥርስ ያለው ጎማም አለ። ክላስ ኦልሶን ወይም ቢልቴማ የሚባሉት ሱቆች ውስጥ ከ100 እስከ 250 ክሮና ይሸጣል። ለእናት አባታችሁ ይሄን አትዝለሉት። ስቶክሆልም ጥር ላይ ብዙ ቀን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይዋልላል። ቀን የቀለጠው በረዶ ማታ መስታወት ይሆናል፤ ዕድሜው የገፋ ሰው የሚወድቀው ያኔ ነው። ሱቅ ስትገቡ አውልቁት፣ ልሙጥ ወለል ላይ እሱ ራሱ ያንሸራትታል።

ሱፉን ቀደም ብዬ ጠቅሼዋለሁ። ብዙ የአገሬ ሰው ጃኬት ላይ ገንዘቡን ጨርሶ ከውስጥ የጥጥ ቲሸርት ይለብሳል። ቱነልባናው፣ ማለትም የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ይሞቃል፣ ቤትም ሱቅም ውስጥ 20 ዲግሪ ገደማ ነው። ያልባችኋል። ጥጥ ላቡን ይይዛል፤ ደጅ ስትወጡ እርጥቡ ጨርቅ ገላችሁ ላይ ይቀዘቅዛል። ሱፍ ቢረጥብም ይሞቃል። ስስ የሜሪኖ ሱፍ ከላይም ከታችም ሙሉውን ከ800 እስከ 1400 ክሮና ታገኛላችሁ። ከጃኬቱ በላይ መሆኑን አውቃለሁ። ይገባዋል። በሱፍና በሰልባጅ ሹራብ ላይ የሚደረብ የ350 ክሮና ጃኬት፣ ቲሸርት ላይ ከሚደረብ የ4000 ክሮና ጃኬት ይበልጣል።

ወደ ኮፐንሃገን የምትሄዱ ላባውን እርሱት። እዚያ ከበረዶው ዝናቡና ነፋሱ ይበዛል፣ ላባ ደግሞ ሲረጥብ ይሞታል። ሱፍ ለብሳችሁ ከላይ ውኃ የማያስገባ ስስ ጃኬት ደርቡ። የኖርዌዩ በርገንም ዝናብ ነው። ኦስሎ ከስቶክሆልም ትንሽ ይበርዳል፣ ዋጋውም ይንራል። ኖርዌጂያኖቹ ራሳቸው ድንበር ተሻግረው የስዊድኗ ስትሮምስታድ ከተማ ድረስ ለገበያ ይመጣሉ። በሁለቱም አገር የምታልፉ ከሆነ ስዊድን ላይ ሸምቱ። ኦስሎ ብቻ ከሆነ የሰልባጅ ሱቁ ፍሬቴክስ ይባላል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የሦስቱም አገር ገንዘብ ክሮነር ወይም ክሮና ቢባልም የዴንማርኩ በጣም ይከብዳል። ኮፐንሃገን 500 ተብሎ የተጻፈው በስዊድን ከ700 በላይ ነው።

ለመጀመሪያው ቀን የሚቀበላችሁ ሰው ካለ ጃኬት ይዞላችሁ አርላንዳ አየር ማረፊያ ይምጣ። ከሌለ ሁለት ሹራብ ደርባችሁ ነፋስ የማያስገባ ማንኛውንም ጃኬት ጣል አድርጉበት። ከአየር ማረፊያው ከተማ የሚወስደው ፈጣን ባቡር ከ300 ክሮና በላይ ነው። 583 ቁጥር አውቶቡስን ይዛችሁ ሜርስታ ውረዱና በከተማ ባቡሩ ቀጥሉ፤ ተራው የከተማ ቲኬት ይበቃል። ከ50 ክሮና ያነሰ ነው። በልዩነቱ ጃኬት ሊገዛ ምንም አይቀረውም።

ሻንጣው ውስጥ ጃኬቱ የሚይዘውን ቦታ ለበርበሬና ለሽሮ አውሉት። ንጥር ቅቤና ቋንጣ ግን አትያዙ። የሥጋና የወተት ውጤት ከአውሮፓ ውጭ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ጉምሩክ ካገኘው ይጥለዋል። የእናት ቅቤ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲገባ ማየት ያማል።

ወደ ሰሜን፣ ኪሩና ወይም ትሮምሶ፣ ሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየውን ባለቀለም ብርሃን (አውሮራ) ለማየት የምትወጡ ደግሞ ለዚያ ብላችሁ ሌላ ወፍራም ልብስ አትግዙ። ብዙዎቹ አስጎብኚዎች ሙሉ የበረዶ ልብስና ቦት ጫማ ከቲኬቱ ጋር ያውሳሉ። ከመክፈላችሁ በፊት "ልብሱ ዋጋው ውስጥ አለ ወይ?" ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ከሌለ ኪራዩን ደምራችሁ ከሌላው አስጎብኚ ጋር አወዳድሩ።