የሱቄን መስታወት ሳይሰነጥቅ ስቲከሩን ላነሳልኝ ልጅ

ጅማ ውስጥ የሱቅ ወይም የቢሮ መስታወት ላይ የተጋገረ አሮጌ ስቲከር ያስቸገራችሁ ካላችሁ ሰው ልጠቁማችሁ። ስሙንና ስልኩን እዚህ አልጽፍም። ጠይቄው "በሰው በሰው ይሻለኛል" ብሎኛል። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ቁጥሩን እሰጣችኋለሁ። ግን ዝም ብዬ "ጎበዝ ነው" ብል ምን ይጠቅማችኋል? የሠራውን ልንገራችሁ።

እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ለልብስ ስፌት የተከራየሁት ሱቅ ቀድሞ ፎቶ ቤት ነበር። የፊት መስታወቱ ከላይ እስከ ታች በሙሽሮች ፎቶ ተሸፍኗል። ስንት ዓመት ፀሐይ እንደመታው እንጃ፣ ቀዩና ቢጫው ጠፍቶ ሙሽሮቹ በሙሉ ሰማያዊ ሆነዋል። ለፎቶ ቤት ያስኬድ ይሆናል። እኔን ግን ቤቱን አጨለመብኝ። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር የሰፋ ሰው ይህን ያውቀዋል።

አከራዬ ሀጂ ደግሞ ቁልፉን ሲሰጡኝ "መስታወቱን አደራ" ብለውኛል። እውነታቸውን ነው። ዛሬ ትልቅ መስታወት አስቆርጦ ማስገባት የዋዛ ወጪ አይደለም። በዚያ ላይ ጎረቤት ሱቅ የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ሠራተኛ ቀለም የሚያስለቅቁበትን የሙቀት መሣሪያ ይዞ መጣ። ጠዋት በብርዱ አንድ ቦታ ላይ ደቅኖ ያዘው። ትንሽ ቆይቶ መስታወቱ ጧ! አለ። ስንጥቁ ከጠርዙ ተነስቶ እስከ መሀል ደረሰ። ሰውዬው "ድሮም ችግር ነበረበት" ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ክፍያ መጠየቁ ነው የገረመኝ።

የእኔው ልጅ ሲመጣ ዕቃውን እንኳ አላወጣም። መጀመሪያ የመስታወቱን ዳር በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ የስልኩን መብራት አብርቶ ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ አየ። በቀኝ በኩል ባለው መስታወት ታች ትንሽዬ ጥፍር የምታክል የተሸረፈች ቦታ አገኘ። እኔ አይቻት አላውቅም። "ማዘር፣ ይሄኛው ሙቀት አይነካውም" አለኝ።

ለምን ስለው አስረዳኝ። መስታወት ሲሞቅ ይለጠጣል። መሀሉን ብቻ ካሞቅከው መሀሉ ይለጠጣል፣ አሉሚኒየሙ ውስጥ የገባው ጠርዝ ግን ቀዝቃዛ ነውና ባለበት ይቀራል። ጉተታው ሁሉ የሚያርፈው ጠርዙ ላይ ነው። እዚያ ሽርፍራፊ ካለ ስንጥቁ ከዚያ ይነሳል። በመሀሉና በጠርዙ መካከል 40 ዲግሪ ገደማ ልዩነት ከመጣ ተራ መስታወት ሊሰነጠቅ ይችላል። ያ ቀለም ማስለቀቂያ የሚተፋው አየር ደግሞ እስከ 500 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የጎረቤቴ መስታወት ለምን እንደተሰነጠቀ ያኔ ገባኝ።

የእሱ መሣሪያ ፀጉር ቤት የምናውቀው የፀጉር ማድረቂያ ነው። ለሌሎቹ መስታወቶች እንኳ እሱን ጠዋት አልነካውም። የጅማን ጠዋት ታውቁታላችሁ፣ መስታወቱ በረዶ ነው። ፀሐይ ወጥታ ቀስ ብሎ እስኪሞቅ ጠበቀ። ከዚያ ማድረቂያውን አንድ ስንዝር ያህል አርቆ ያንቀሳቅሰው ጀመር። ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ፣ አንድም ቦታ ላይ አይቆምም። በየመሀሉ የእጁን ጀርባ መስታወቱ ላይ ያሳርፋል። "እጄ ካልቻለው መስታወቱም አይችለውም" ይላል።

ስቲከሩን ጫፉን በጥፍሩ አነሳና ወደ ራሱ አልሳበውም። ወደ ኋላ አጥፎ፣ ወደ መስታወቱ አስጠግቶ፣ በዝግታ ወደ ታች ጎተተው። ወደ ራስ ሲሳብ ላስቲኩ ይበጠሳል፣ ሙጫውም መስታወቱ ላይ ይቀራል። በዚህ አኳኋን አንዷ ሙሽራ ከነቬሎዋ ሙሉ በሙሉ መጣችለት። ባልየው ግን ክራቫቱ ላይ ተበጠሰ። ፀሐይ የበዛበት ጎን ላስቲኩ ልስላሴው አልቆ እንደ ደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ይፈረፈር ነበር። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ የአንድ ሙሽራ አገጭ ስንለቅም ዋልን ማለት ይቻላል። እሱ አልተነጫነጨም፣ እኔ ነኝ የተነጫነጭኩት።

ምላጭ የተጠቀመው ለእንዲህ ያለው ፍርፋሪ ብቻ ነው። መጀመሪያ በለብ ያለ ውሃና በላርጎ ያርሰዋል። ምላጩን አጋድሞ ወደ ፊት ብቻ ይገፋዋል። ወደ ኋላ ከጎተተው ሥሩ የገባ አሸዋ መስታወቱን ይጭረዋል አለኝ። ምላጩ ትንሽ ሲሸርፍ ይጥለዋል።

በሩ ላይ ሲደርስ ደግሞ ምላጩን ጭራሽ አስቀመጠው። በሩ ቴምፐርድ፣ ማለትም ሲመረት በሙቀት እንዲጠነክር የተደረገ መስታወት ነው፣ ማዕዘኑ ላይ ማህተም አለው። እሱ ሙቀትን ከተራው መስታወት በጣም የተሻለ ይችላል። ነገር ግን ሲመረት ፊቱ ላይ የሚጣበቁ ዓይን የማያያቸው የመስታወት ቅንጣቶች ሊኖሩበት ይችላሉ። ምላጭ እነሱን ነቅሎ ከጎተተ መስታወቱ በሙሉ ጭረት በጭረት ይሆናል። በሩን የጨረሰው ጊዜው ባለፈበት የባንክ ካርድ ነው።

እንደልማዱ መብራት ሄደ። ለካ የተሸረፈውን መስታወት ለዚህ ሰዓት አቆይቶት ኖሯል። የሳሙናውን ውሃ ረጨበት፣ ቶሎ እንዳይደርቅ በፌስታል ሸፈነው፣ እኔም ቡና አፈላሁ። በመሀል መብራቱ መጣ። ግን ከጅረን በኩል ሰማዩ ሲጠቁር አይቶ ማድረቂያውን አልነካም አለ። የሞቀ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ዝናብ ካረፈበት ያው ጧ ማለቱ ነው። ብዙ ሳይቆይ ወረደው። እኔ ብሆን "ትንሽ ቀረ፣ እንጨርሰው" እል ነበር።

የቀረውን ሙጫ በመድኃኒት ቤት አልኮል አስለቀቀው። በሩን ከፍቶ፣ ማድረቂያውንም ነቅሎ ነው፣ አልኮል ከሙቀት ጋር አይሆንማ። ከማዕዘን አልወጣም ያለውን የምግብ ዘይት ቀብቶ አቆየው፣ ከዚያ በላርጎ አጠበው። ቤንዚን ይሻል እንደሆነ ስጠይቀው ሳቀብኝ። እሳቱ አለ፣ በዚያ ላይ የመስታወቱን ጎማ ያበላሻል።

አሁን ሱቄ ፏ ብሏል። ሀጂ መጥተው መስታወቱን በጣታቸው ነክተው "አዲስ አስገባሽ እንዴ?" አሉኝ። የተነጋገርነው ዋጋ ላይ አንድ ብር አልጨመረብኝም፣ የፈረፈረውንም ጠርጎ ነው የሄደ። እጁን ቁርጥማት አይንካው።

ሁለት ነገር ግን ላስጠንቅቃችሁ። አንደኛ ችኩል ለሆነ ሰው አይሆንም። "እስከ ምሳ ትጨርስልኛለህ?" ካላችሁት ሌላ ሰው ፈልጉ ይላችኋል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ በውጭ በኩል ያለ መስታወት አይሠራም። ከመምጣቱ በፊት መስታወቱ ሥር ያለውን ዕቃ አንሱለት፣ መስታወቱ ተራ ይሁን ቴምፐርድ ማህተሙን አይታችሁ ንገሩት። ስልኩን ጠዋት አያነሳም፣ ከሰዓት ሞክሩት።