ነጻው የሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት በአንድ ብርቅ ቃል ሲመዘን

መዝገበ ቃላትን በተለመዱ ቃላት መመዘን ብዙም አይረባም፤ እነሱን የትኛውም መዝገበ ቃላት በደንብ ይፈታቸዋል። ስለዚህ የሜሪያም ዌብስተርን ነጻ የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት የመዘንኩት፣ እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች እንኳ እምብዛም በማይጠቀሙበት «ፓቨናይን» (pavonine) በሚለው ቅጽል ነው።

ፍቺው አጭር ነው፤ ሁለት ነገር ብቻ ይላል። የመጀመሪያው ጣዎስን የሚመለከት ወይም ጣዎስን የሚመስል፣ ሁለተኛው ደግሞ እንደ ጣዎስ አንገት ወይም ጭራ የሚያብረቀርቅ ቀለም ያለው የሚል ነው። ምንጩ «ፓቮ» የተባለው የላቲን ቃል ሲሆን፣ ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ካርል ሊኒየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ለሕንዱ ጣዎስ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ የተጠቀመውም ይህንኑ ነው።

ለእኔ ዋጋ ያለው ሁለተኛው ፍቺ ነው። በአማርኛ ስንተረጉም ቶሎ የሚመጣልን «ዝንጉርጉር» ቢሆንም፣ ይህ ቃል የሚገልጸው ጎን ለጎን የሰፈሩ ልዩ ልዩ ቀለማትን እንጂ አንዱ ቀለም ሲያዩት ወደ ሌላ የሚለወጥበትን ሁኔታ አይደለም። የጣዎስን ላባ በእጅዎ ይዘው ቀስ ብለው ቢያዞሩት ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል፤ ምክንያቱም በላባው ውስጥ ሰማያዊ ማቅለሚያ የለም፤ ያለው ሜላኒን የተባለው ጥቁር ቡናማ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ በጣም ደቃቅ በሆነ ሥርዓት ተደርድሮ ብርሃንን እየመረጠ ይመልሳል። በውሃ ላይ የፈሰሰ ናፍጣ እንደሚያብለጨልጭ ማለት ነው። በአማዞን ደን የሚኖር አንድ ወፍም ጣዎስ ባይሆንም ከዚሁ ቃል የመጣ «ፋሮማክረስ ፓቮኒነስ» የሚል ሳይንሳዊ ስም አለው፤ አረንጓዴ ላባው ሲያብረቀርቅ ላየው ሰው ስያሜው አያስገርምም።

የማይበቃኝ የመጀመሪያው ፍቺ ነው። ጸሐፊዎች ቃሉን ለሚጀነን፣ ልብሱን አሳምሮ ለሚንጎራደድ ሰውም ይጠቀሙበታል፤ ፍቺው ግን «ጣዎስን የሚመስል» ብሎ ስለሚያልፈው፣ ቃሉ ውዳሴ ይሁን ሽሙጥ ለመለየት አንባቢው ዐውዱን ራሱ መመርመር አለበት። ለተርጓሚ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ስለ ጨርቅ ቀለም የሚያወራን ዓረፍተ ነገር በ«ጉረኛ» የተረጎመ ሰው ጨርቁን ሳያስበው ሰድቦታል፤ በተቃራኒው «ጅንን ያለ» መባል የነበረበትን ሰውዬ «ባለ ኅብረ ቀለም» ካሉት ሽሙጡ ጠፍቶ ሙገሳ ይሆናል።

የድምፅ ምልክቱን መጫን ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የመጨረሻው ክፍለ ቃል «ኒን» ሳይሆን «ናይን» እንደሚባል ፊደሉ ብቻ አይናገርም። ማስታወቂያዎቹ ነጻ አገልግሎት የሚያስከፍለው ዋጋ ናቸው፤ በትንሽ የስልክ ስክሪን ላይ ግን ዐይንን ይሻማሉ።

መዝገበ ቃላቱ ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ ስለሆነ እንግሊዝኛን ገና ለሚጀምር ተማሪ አልመክረውም። ለተርጓሚና ለመምህር ግን ጥሩ መነሻ ነው፤ የቀለሙን ፍቺ ከእሱ ወስደው፣ የጉራውን ፍቺ ቃሉ ከተጻፈባቸው ጽሑፎች ቢፈልጉ ይሻላል። ለእንዲህ ያለ ሥራ ነጻው ገጽ ይበቃል፤ በክፍያ የሚገኘውን ሙሉውን መዝገበ ቃላት ለመግዛት መቸኮል አያስፈልግም።