የምርቃት ፎቶ፦ ስቱዲዮ ተነስቶ ጅሬን ላይ መለጠፍ ወይስ ጅሬን ድረስ መውጣት?

ባለፈው ዓመት የእህቴን የምርቃት ፎቶ ከስቱዲዮ ተቀብለን ቤት ስናደርስ እናቴ ፍሬሙን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች። አየችው፣ አየችውና «ይቺ ልጅ እዚያ አልቆመችም፤ እንደ ቴምብር ተለጥፋለች» አለች። ከጀርባዋ ጅማ አጠገብ፣ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ። የምሰሶዎቹ ጥላ ወደ ቀኝ ወድቋል። የእህቴ አፍንጫ ጥላ ግን ወደ ግራ ነው። እናቴ ካሜራ ይዛ አታውቅም፤ ዓይኗ ግን አይሸወድም። ባለ ስቱዲዮው «ባክግራውንዱ ያምራል እኮ!» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም።

ዘንድሮ ተራው የታናሽ ወንድሜ ነው። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈሌ በፊት አማራጮቹን ጎን ለጎን አየኋቸው።

ስቱዲዮ ርካሽ ነው፤ ዝናብ አያስፈራም፣ ወላጅ በባጃጅ ዳገት አይወጣም። ጣጣው ያለው መብራቱ ላይ ነው። ሶፍትቦክስ፣ ማለትም ፊቱ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነው የስቱዲዮ መብራት፣ ትልቅና ቅርብ ስለሆነ የጥላው ጠርዝ ይለሰልሳል። ፀሐይ ግን ከሰማዩ ላይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ብቻ የምትይዝ ትንሽ መብራት ናት፤ ጥላዋ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ስቱዲዮ ውስጥ የለሰለሰ ፊት ጠራራ ፀሐይ ላይ ሲለጠፍ ማንም ይነቃበታል።

የኛ አገር ፀሐይ ደግሞ ሌላ ፈተና አላት። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ 7.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ሚያዝያ መግቢያና ነሐሴ ማለቂያ ላይ የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች። ጥላ እግር ሥር ይሸጎጣል፣ የዓይን ጎድጓዳ ይጨልማል። እንዲህ ባለ ሰዓት የተነሳ ግቢ ላይ ከጎን መብራት የበራለት ሰው ሲለጠፍ አይዋጥም። ከኢንተርኔት የወረደ የፈረንጅ መናፈሻማ ይቅርብኝ፤ ገዋን ለብሶ በረዶ አገር የቆመ የሰፈር ልጅ አይቻለሁ።

ጅሬን ወጥቶ መነሳት ወጪም ጊዜም ይጠይቃል፤ ዝናቡም አይታመንም። ግን ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል የሚመጣውን ብርሃን ስቱዲዮ አይሰጥህም። ቀዩ አፈር ብርሃኑን መልሶ አገጭ ሥር ይረጨዋል። ሣር ላይ ከቆምክ የገዋኑ ጫፍ ትንሽ አረንጓዴ ይነካዋል፣ ጥላው ውስጥ ደግሞ የሰማዩ ሰማያዊ ይገባል። ሰው ይህን አይቶ አይናገረውም፤ ሲጎድል ነው የሚያውቀው።

ሰውየው ውጭ ተነስቶ ሰማዩ ብቻ የሚቀየርበትም አለ። መካከለኛ ነው። የፀጉሩን ጠርዝ እይ፤ ነጭ ክር ካለበት ተወው።

ናሙና ስትጠይቅ በስልክ ሳይሆን በታተመ ወረቀት ይሁን። መጀመሪያ ፊቱን በአውራ ጣትህ ሸፍንና ጀርባውን ብቻ ተመልከት፦ ፀሐይ ከየት ናት? ከዚያ ጣትህን አንሳና የአፍንጫውን ጥላ ፈልግ። ሁለቱ ካልተስማሙ ሌላውን አትመርምር። ቀጥሎ ጫማው ሥር ውረድ። እግርና መሬት የሚነካኩበት ቦታ ላይ ጠቆር ያለ ጥላ ከሌለ ሰውየው ተንሳፍፏል። ዓይኑ ብሌን ውስጥ አራት ማዕዘን ነጭ ነጥብ ካየህ ደግሞ የሶፍትቦክስ ምስል ነው፤ የጅሬን ሰማይ አራት ማዕዘን አይደለም።

አቅም ካለህ ውጣ። ከሌለህ ስቱዲዮውን ያዝ፤ ግን ደመናማ ባክግራውንድ ምረጥ። የክረምት ደመና ራሱ ከአድማስ እስከ አድማስ የተዘረጋ ሶፍትቦክስ ነው፤ ከስቱዲዮ መብራት ጋር የሚግባባው እሱ ነው። ሰው ሁሉ ፀሐያማውን ይመርጣል፣ ፎቶው የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው።

እኔ ኪሴን አይቼ ስቱዲዮ ገባሁ፤ ያምናውን ሳይሆን ሌላ። «በደመና የተነሳ ቤተ መንግሥት አለህ?» አልኩት ልጁን። ኮምፒውተሩን ሲያገላብጥ ቆየ። ሁሉም ፀሐይ ነው። «ነገ ዝናቡ ሲያባራ ወጥቼ አነሳዋለሁ፣ ወንድሜ» አለኝ። ግማሹን ቀብድ ሰጠሁት።