ጨጓራችሁን ከማስቆረጣችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ

ነገሩ ወዲህ ነው። ከአራት ዓመት በፊት የክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና አድርጌያለሁ። ስሊቭ የሚሉትን፣ ጨጓራን ቆርጦ የሚያሳንሰውን። 130 ኪሎ ሆኜ ገባሁ፤ በዓመት ከምናምን ውስጥ 89 ደረስኩ። ዛሬ 116 ነኝ።

ቀዶ ጥገናውን ላጥላላ አይደለም። አሠርተውት ስኳራቸው የተስተካከለላቸው፣ የግፊት ኪኒናቸውን የቀነሱ ሰዎች ሞልተዋል። በደንብ ሲሠራና ክትትል ሲኖረው ዕድሜም ያስረዝማል። እኔን ያንገበገበኝ የተሸጠልኝ መንገድ ነው። ክሊኒኩ የሸጠልኝ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ዋናው ሥራ ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ ልክ መሆኑን የነገረኝ የለም።

ከማስታወቂያው እንጀምር። «ከክብደትዎ 70 በመቶ ይቀንሳሉ» ይላል። እኔ ሞኟ 130ን በ70 በመቶ አባዝቼ 91 ኪሎ ሊወርድልኝ ነው ብዬ ፈነደቅኩ። በኋላ እንደገባኝ መቶኛው የሚሰላው ከጠቅላላ ክብደት ሳይሆን «ትርፍ» ከሚሉት ነው። ለቁመቴ የሚመጥነኝ 70 ኪሎ ገደማ ቢሆን ትርፉ 60 ነው። የዚህ 70 በመቶ ደግሞ 42 ኪሎ። ከ130 አንፃር ሲታይ 32 በመቶ ብቻ! 42 ኪሎ ቀላል ነገር አይደለም። ግን 91 ብሎ የገባ ሰውና 42 ብሎ የገባ ሰው እኩል አይወስኑም። መቶኛ ሲነግሯችሁ «ከምኑ ላይ?» በሉ።

«በፊት» እና «በኋላ» የሚሉትን ፎቶዎችም ስታዩ መቼ እንደተነሱ ጠይቁ። ክብደት ወደ ታች የሚወርደው አንድ ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ሰው የተወሰነ ይመለስበታል። ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረ ትልቅ ጥናት አለ። እዚያ ባይፓስ (ጨጓራን አሳንሶ ከአንጀት ጋር በአቋራጭ የሚያገናኘው ቀዶ ጥገና) የተሠራላቸው ሰዎች ከ10 ዓመት በኋላ ከመነሻ ክብደታቸው 25 በመቶ ያህል ቀንሰው ተገኝተዋል። ባንድ የሚባለውን ጨጓራን የሚያጠብ ቀለበት ያስገቡት 14 በመቶ ገደማ። ጥሩ ውጤት ነው፣ ግን የአሥረኛ ዓመት ፎቶ የሚለጥፍ ክሊኒክ እስካሁን አላየሁም።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልግባ። ስሊቭ ከጨጓራ 75 እስከ 80 በመቶውን ቆርጦ ይጥላል። የሚቀረው ሙዝ የመሰለ ቀጭን ቱቦ ነው። ረሃብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የሚባል ሆርሞን በብዛት የሚመነጭበት ክፍልም አብሮ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹን ወራት ረሃብ የሚባል ነገር ረሳሁ። አለቀ፣ ገላገሉኝ አልኩ።

በ14ኛው ወር አንድ ማታ ትዝ ይለኛል። ዶሮ ጠብሼ ተቀመጥኩ። አራተኛዋ ጉርሻ ላይ ደረቴ ጭምድድ አለ፤ ሰሃኑን ገፋሁት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቴሌቪዥን እያየሁ ግማሽ ሊትር አይስክሬም በማንኪያ በማንኪያ ጨረስኩ። ምንም አላለኝም። ጠባቡ ቱቦ ለሥጋ ጨካኝ ዘበኛ ነው፤ ለአይስክሬም ግን በሩን ወለል አድርጎ ይከፍታል። ጁስም፣ ቸኮሌትም፣ ብስኩትም እንደዚያው። ቀስ እያሉ ቀኑን ሙሉ ለሚቆረጥም ሰው ቀዶ ጥገናው ብዙም አይሠራለትም።

እኔ ደግሞ ሲጨንቀኝ የምበላ ሰው ነኝ። ከቀዶ ጥገናው በፊት የሞላሁት ቅጽ «ጭንቀት ሲኖርዎት ይመገባሉ?» ይል ነበር። «አልፎ አልፎ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ዋሽቻለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ግን መልሶ የጠየቀኝም የለም። ቅጹ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ቁመቴን እንኳ አልለኩም፤ በስልክ የነገርኳቸውን ጻፉ። የምወስዳቸውን መድኃኒቶችም አላዩም። ስቴሮይድ፣ ኢንሱሊን፣ አንዳንድ የአእምሮ ሕክምና መድኃኒቶች ክብደት ይጨምራሉ፤ ሳይታዩ ከታለፉ የቀዶ ጥገናውን ውጤት ወደ ኋላ ይጎትቱታል። ሰውነትም ሲከሳ ጉልበት መቆጠብ ይጀምራል። በቂ ፕሮቲን ካልበላችሁና ካልተንቀሳቀሳችሁ ደግሞ ጡንቻችሁ ይሟሽሻል፤ ያኔ ትንሽ በልታችሁም ትወፍራላችሁ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ቃሩ ነው። ድሮም ቃር ነበረብኝ፤ ነግሬያቸዋለሁ። ስሊቭ ቃር እንደሚያባብስ በሙያው የታወቀ ነው። ከባድ ቃር ላለበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ባይፓስ ነው። ግን እነሱ የሚሸጡት ስሊቭ ብቻ ነበር። «እህቴ፣ አታስቢ፣ ጨጓራ ሲያንስ ቃሩም ያንሳል» አለችኝ ደላላዋ። ይኸው በሦስት ትራስ ነው የምተኛው።

ክሊኒኩ የሸጠልኝ «ጥቅል» ማረፊያ አለው፣ መጓጓዣ አለው፣ «የ24 ሰዓት ድጋፍ» አለው። በሦስተኛው ወር ማስመለስ አላቆም ሲለኝ መልእክት ጻፍኩ። አውራ ጣት ላኩልኝ። አውራ ጣት! ከዚያ በኋላ ስልካቸው የውሃ ሽታ ሆነ። ይህን በተለይ ልብ በሉ፦ ከቀዶ ጥገና በኋላ ትውከት አልቆም ካለ ቫይታሚን ቢ1 ያልቃል፤ እሱ ሲያልቅ አእምሮና ነርቭ ይጎዳል። መልእክት አትጻፉ። ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። እኔን ጎረቤቴ ወስዳኝ ነው የተረፍኩት።

ስወጣ የሰጡኝ ወረቀት «መልቲቫይታሚን ይውሰዱ» ይላል። እስከ መቼ? አይልም። አንዷን ብልቃጥ ጨረስኩና ተውኩ። ቢ12፣ አይረን፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ በየጊዜው በደም ምርመራ እየታዩ ዕድሜ ልክ የሚወሰዱ መሆናቸውን ያወቅኩት በሁለተኛው ዓመት ነው። ፀጉሬ በእፍኝ እየረገፈ፣ ደረጃ ላይ ትንፋሽ እያጠረኝ። አዲሱ ሐኪሜ የቀዶ ጥገናውን ሪፖርት ሲጠይቀኝ የማሳየው አልነበረኝም። ምን ያህል እንደቆረጡ ለማወቅ ነጭ ፈሳሽ አጠጥቶ ራጅ ማንሳት ነበረበት።

ስለዚህ ቀብድ ከማስያዛችሁ በፊት አስጨንቋቸው። በሁለተኛውና በአምስተኛው ዓመት ማን ያየኛል? የስነ-ምግብ ባለሙያ አላችሁ? የስነ-ልቦና ባለሙያስ? የሪፖርቱ ቅጂ ይሰጠኛል? ለኔ ስሊቭ ለምን፣ ባይፓስ ለምን አይሆንም? «ቅናሹ ዛሬ ማታ ያበቃል» ካሏችሁ ሩጡ። የመጣውን ሁሉ የሚቀበል፣ «ላንቺ አይሆንም» ብሎ ማንንም የማይመልስ ቦታም አያምረኝም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የባለሙያ ማኅበራት መመሪያ ቀዶ ጥገናውን የሚመክረው ክብደት ከቁመት ጋር የሚመዛዘንበት መለኪያ፣ ማለትም ቢኤምአይ፣ 35 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ነው፤ እንደ ስኳር ያለ ሕመም ላለበት ደግሞ ከ30 ጀምሮ ሊታሰብ ይችላል። አምስትና ስድስት ኪሎ ለማራገፍ የሚደረግ ነገር አይደለም።

አድርጋችሁት የተመለሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ አትደበቁ። እኔ ሁለት ዓመት አፍሬ ተደብቄ ነው 27 ኪሎ የጨመርኩት። አሁን ክትትል ጀምሬያለሁ፤ የክብደት መቀነሻ መርፌ መውሰድ እንደሚቻልም፣ ቃሩ ካልታገሠኝ ስሊቩን ወደ ባይፓስ መቀየር እንደሚቻልም ተነግሮኛል።

ክሊኒኩ በራሱ ፈቃድ የደወለልኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። 11ኛው ወር ላይ። «እህቴ፣ አምሮብሻል አሉ፣ እስቲ ፎቶ ላኪልን» ብለው። ላክሁ። ባለፈው ሳምንት ማስታወቂያቸው ፊቴ ድቅን ሲል ያቺው ፎቶ ናት፣ «በኋላ» ከሚለው ሥር። ሥሯ ላይ «ዛሬ 116 ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። አሥር ደቂቃ አልቆየም፣ አጠፉት፣ እኔንም ብሎክ አደረጉኝ። ፎቶዋ ግን አሁንም እዚያው ናት።